ድምቡሽ ሳር እንድትበላ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! የዚህ ተረት ጭራ ረጅም ነው፤ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጭራውን አይዝም።

ዝዋይ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሽ አጥናፉ የሚባል ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የቄራ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ሠርቷል። ስንቱ በሬ በፊቱ ሲያልፍ አንድ ቀን እንባ ያልወጣው ሰው፣ ጡረታ ወጣና ጥንቸል አሳደገ። ድምቡሽ ይላታል። ሁለመናዋ ነጭ ነው፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ጥቁር፤ ቀለሙ እዚያ ላይ ያለቀባት ትመስላለች። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ነፍስ የለም። ከውጭ ሲመጣ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የምትቀበለው ድምቡሽ ናት። ድሮ ዘበኛው እሱ ነበር፣ ዛሬ ዘበኛዋ እሷ ሆነች።

ታዲያ የጥር ማርያም ዕለት የጽዋው ተራ ጋሽ አጥናፉ ጋ ደረሰና አሥራ ሁለት ማኅበርተኛ ቤቱን ሞላው። ድምቡሽን ያየ ሁሉ "ውይ ስታምር!" አለ። የወደዱትን ቁጭ ብሎ ማየት በእኛ ዘንድ የት አለ? ያጎርሱታል እንጂ! አንዱ ዳቦ አጎረሳት፣ አንዷ ንፍሮ አጎረሰቻት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛ ተጨመረ። ለሥላሴ ተባለና ሦስተኛ ተጨመረ። እስቲ አሥራ ሁለቱን ሰው በሦስት ጉርሻ አባዙት፣ ከዚያ የጥንቸል ሆድ ምን እንደሚያህል አስቡት።

በነጋታው ድምቡሽ በሩ ሥር የለችም። አልጋው ሥር ጥግ ይዛ፣ ኩምትር ብላ፣ ጆሮዎቿን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ጎመን ቢያሳያት ፊቷን አዞረች። ጋሽ አጥናፉ መጀመሪያ "ጠግባ ነው፣ ኮራች" አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ልቡ ፈራ። ዘንቢል ውስጥ ጨርቅ አነጠፈላትና ወደ ከብት ክሊኒክ ገሰገሰ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሲፈን የድምቡሽን ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች።

"ጋሼ፣ ምን አብልተዋት ነው?"

"ፍቅር ነው የበላችው፣ ልጄ።"

"ፍቅሩማ ሆዷ ውስጥ ቆሟል። የጥንቸል ሆድ ደግሞ መቆም የለበትም። መርፌ አለ፣ ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውም..."

"ዋጋውን ተይው። የእኔ ጡረታ ወሩ ሳያልቅ ነው የሚያልቀው።"

"እንግዲያው ትኩስ ሳር ያብሏት። ለምለም፣ ዛሬ የታጨደ። ዳቦ የለ፣ ንፍሮ የለ፤ ሳር ብቻ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልበላች ግን..."

ዶክተር ሲፈን አልጨረሰችውም። ጋሽ አጥናፉ በሆዱ ጨረሰው።

"ሳርማ ነፃ ነው!" ብሎ ወጣ። ጥር ላይ ሳር የሚፈልግ ሰው ግን ነፃ ነገር እንዴት ውድ እንደሆነ ያያል። ሜዳው እንደ ጋሽ አጥናፉ አናት ተመልጧል። የሐይቁን ዳር ከብት ግጦ ጨርሶት ደንገል ብቻ ቀርቷል። ለምለም ሳር ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የአትክልተኛው የቱፋ ሽንኩርት ማሳ፣ ቦዩ ዳር።

"ሳሩን ይውሰዱ፣ ጋሼ፤ ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?" አለ ቱፋ። "ግን በምን ልጨደው? ማጭዴ ተሰብሮ ዳምጤ ብረት ቀጥቃጩ ጋ ነው።"

"በእጄ ልንጨው?"

"ኧረ በማርያም! ከነሥሩ ተነቅሎ ቦዩ ይፈርስና ውሃው ሽንኩርቴን ይዞልኝ ይሄዳል።"

"በቢላዋስ?"

"ሳር በቢላዋ? ሰው ምን ይለኛል? ቱፋ ሳርና ሽንኩርት አብሮ ከተፈ ሊያስብሉኝ ነው?"

እንግዲህ ያዙ! ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ፀሐይዋ ገና ረፋድ ላይ ናት። ጋሽ አጥናፉ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ዳምጤ ጋ ሄደ።

ዳምጤ የልጅነት ጓደኛው ነው። የቀዘቀዘ ምድጃ ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አገኘው።

"ማጭዱ ይኸው፣ መዶሻው ይኸው፣ እኔም ይኸው፤ እሳቱ የታለ?" አለ ዳምጤ። "ወናፌ ተቀዷል። ስነፋው እንደ ሽማግሌ ያስላል።"

"በአፍህ ንፋዋ!"

"አንተ ንፋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመህ ያጠራቀምከው ትንፋሽ አለ አይደል?"

ጋሽ አጥናፉ እውነት መስሎት ተንበርክኮ ነፋ። ዐመዱ ተነስቶ ፊቱ ላይ ሰፈረ፣ ፍሙ ግን ዓይኑንም አልገለጠ።

"ተው፣ ተው፣ አንተው ዐመድ መስለህ ቀረህ!" አለ ዳምጤ እየሳቀ። "ወናፉን ውሰድና ኤርጃቦ ጫማ ሰፊው ይስፋልኝ። ከዚያ በኋላ ማጭዱ የአንድ ሻይ ሥራ ነው።"

ወናፍ ካልነፋ ማጭድ አይቀጠቀጥም፣ ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ጋሽ አጥናፉ ወናፉን በትከሻው፣ ዘንቢሉን በእጁ ይዞ ኤርጃቦ ጋ ሄደ።

ኤርጃቦ ወናፉን አገላብጦ አየው።

"ቆዳ አለኝ፣ ክር አለኝ፣ ወስፌ አለኝ። የሌለኝ ጉልበት ነው፣ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እጄን ይዩት፣ ይንቀጠቀጣል! ወስፌው ወናፉን ትቶ እኔን ቢወጋኝስ?"

"ምን ብትበላ ነው የሚቆምልህ?"

"ሚስቴ ብርቄ ገንፎ እገነፋለሁ ብላ ነበር። እርስዎ ሄደው ቢጠይቋት ታዝንልዎት ይሆናል። የእኔን ፊት እንደሆነ ከለመደችው ቆየች።"

ገንፎ ካልተገነፋ ወስፌ አይወጋም፣ ወስፌ ካልወጋ ወናፍ አይነፋም፣ ወናፍ ካልነፋ ማጭድ አይቀጠቀጥም፣ ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ጋሽ አጥናፉ ወናፉን ለኤርጃቦ ትቶ የኤርጃቦ ሚስት ጋ ሄደ።

"ገንፎ?" አለች ብርቄ ወገቧን ይዛ። "በምኑ? ገብሴ ከትናንት ጀምሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዞ ተቀምጧል! ያ ሰውዬ ገንፎ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል?" ከዚያ ዓይኗ ዘንቢሉ ላይ ወደቀ። "ውይ! ምን ሆናብዎት ነው? አንጀቴን በላችው። ትንሽ ዳቦ ላጉርሳት?"

"እንዳትነኪያት!" ብሎ ጋሽ አጥናፉ ዘንቢሉን እንደ ሕፃን አቀፈው። በጨርቁ በኩል የድምቡሽ ልብ መዳፉን ትመታዋለች። ትንሽ ናት፣ ግን ትመታለች።

ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ አይገነፋም፣ ገንፎ ካልተገነፋ ወስፌ አይወጋም፣ ወስፌ ካልወጋ ወናፍ አይነፋም፣ ወናፍ ካልነፋ ማጭድ አይቀጠቀጥም፣ ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ፀሐይዋ ከአናት ወረደች። ጋሽ አጥናፉ እግሩን ነጠቅ ነጠቅ እያደረገ ወፍጮ ቤት ሄደ።

የወፍጮው ባለቤት ሐጂ ኑርዬ በር ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

"እህሉ ሞልቷል፣ ሰዉም ሞልቷል፤ ያልሞላው የሞተሩ ሆድ ነው" አሉት። "ናፍጣ አልቋል። በርሜሉ በጉተማ ጋሪ ተጭኖ ከማደያው ተነስቷል አሉ። ከማደያው እዚህ ድረስ ለሽማግሌ ሩብ ሰዓት ነው። እሱ ከረፋድ ጀምሮ እየመጣ ነው።"

ናፍጣ ካልደረሰ ወፍጮ አይፈጭም፣ ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ አይገነፋም፣ ገንፎ ካልተገነፋ ወስፌ አይወጋም፣ ወስፌ ካልወጋ ወናፍ አይነፋም፣ ወናፍ ካልነፋ ማጭድ አይቀጠቀጥም፣ ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ጋሽ አጥናፉ አሁን አይሄድም፣ ይሮጣል።

ጋሪው መንገዱ መሐል ቆሟል። ፈረሱ ዳማ አራት እግሩን ተክሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ንቅንቅ አይልም። ባለጋሪው ጉተማ ጅራፉን ያጮኻል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ምክር ያወርዳል፤ ምክር እንደሆነ ቀረጥ የለበት!

"ጆሮው ውስጥ ንፋበት!"

"ጭራውን ጠምዝዘው!"

"ስድብ ነው የሚሰማ፣ ስደበው!"

"የቀረኝ ስድብ የለም!" አለ ጉተማ ላቡን እየጠረገ። "እልህ ነው የያዘው። እኔም እልህ ይዞኛል፤ ማን እንደሚረታ እናያለን።"

ፈረስ ካልሄደ ናፍጣ አይደርስም፣ ናፍጣ ካልደረሰ ወፍጮ አይፈጭም፣ ወፍጮ ካልፈጨ ገንፎ አይገነፋም፣ ገንፎ ካልተገነፋ ወስፌ አይወጋም፣ ወስፌ ካልወጋ ወናፍ አይነፋም፣ ወናፍ ካልነፋ ማጭድ አይቀጠቀጥም፣ ማጭድ ካልተቀጠቀጠ ሳር አይታጨድም፣ ሳር ካልታጨደ ድምቡሽ አትበላም። ከፈረሱ ወዲያ ደግሞ የሚላኩበት ሰው የለም። ፈረስ እንደ ሰው "እገሌ ጋ ሂድ" አይልም።

ሰው ሁሉ የሚያየው የፈረሱን እግር ነው፤ የቆመው እግሩ ነዋ! ጋሽ አጥናፉ ግን ዓይኑን አየው። ይህንን ዓይን ዛሬ ጠዋት አልጋ ሥር አይቶታል። "ኮራች" ብሎ የተሳሳተበት ዓይን ነው።

ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን ቀስ አድርጎ ፈረሱ ደረት ላይ፣ ከጠፍሩ ሥር ሰደደ። የዳማ ቆዳ ብርግግ አለ።

"ጉተማ፣ ጅራፉን ጣልና እጅህን ስጠኝ።"

"ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ስጠኝ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!"

የጉተማን እጅ ይዞ ከጠፍሩ ሥር አስገባው። ጉተማ እጁን ሲያወጣ ጣቶቹ ደም ነክተዋል። የጠፍሩ ዘለበት ወደ ውስጥ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በተራመደ ቁጥር ይወጋዋል።

"ዳማዬ... እኔ እኮ እልህ መስሎኝ..." አለ ጉተማ የፈረሱን አንገት እያሻሸ።

"እኔም ዛሬ ጠዋት መስሎኝ ነበር" አለ ጋሽ አጥናፉ። "አፍ ስለሌላቸው እኮ ነው ቆመው የሚነግሩን።"

ጉተማ ዘለበቱን ፈታ። ካናቴራውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ቁስሉ እንዳይነካ ጠፍሩ ሥር አደረገለት። ራቁት ደረቱን ነፍቶ ወደ መካሪዎቹ ዞረ።

"ምክር ያላችሁ ሁሉ፣ ምክራችሁን በክንዳችሁ አምጡት! ዳማ ብቻውን አይጎትትም፤ ከኋላ እንገፋለን!"

ሰዉ ከኋላ ገፋ። ዳማ አንድ እግሩን አነሳ። ሁለተኛውን አነሳ።

በሉ እንግዲህ ትንፋሽ ያዙ! ፈረሱ ቢሄድ ናፍጣው ደረሰ። ናፍጣው ቢደርስ ወፍጮው ዱግ ዱግ ብሎ ፈጨ። ወፍጮው ቢፈጭ ብርቄ ገንፎውን ገነፋች። ገንፎው ቢገነፋ ኤርጃቦ ምላሱን እያቃጠለው ዋጠና ወስፌው ወጋ። ወስፌው ቢወጋ ወናፉ ነፋ። ወናፉ ቢነፋ ዳምጤ ማጭዱን ቀጠቀጠ፣ ሻዩንም አልጠጣ። ማጭዱ ቢቀጠቀጥ ቱፋ ሳሩን አጨደ። ሳሩ ቢታጨድ...

ሳሩ ቢታጨድ ድምቡሽ ፊቷን አዞረች።

ቦዩ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ብርቄ አለች፣ ኤርጃቦ አለ፣ ዳምጤ አለ፣ ጉተማም እጁን ራቁት ደረቱ ላይ አጣጥፎ አለ፤ የጥንቸሏን ነገር ሳያይ ማን ቤቱ ይገባል? የፀሐይዋ ታችኛው ጠርዝ የምዕራቡን ተራራ ነክቷል። ጋሽ አጥናፉ ዘንቢሉን አዘንብሎ፣ ሳሩን አፍንጫዋ ፊት በትኖ፣ እጁን ሰበሰበ። አላባበላትም፣ አልለመናትም። እንዳትፈራ ብሎ እስትንፋሱን ሳይቀር ያዘ።

የድምቡሽ አፍንጫ ንቅንቅ አለ። አንዲት ቀጭን ሳር በጫፏ ያዘች። ሳሯ እንደ ክር እያጠረች፣ እያጠረች ወደ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ከዚያ ሦስት፣ አራት አንድ ላይ። ቅርጥ ቅርጥ የሚለው ድምፅ በዝዋይ ምድር ያኔ ከተሰማው ድምፅ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ብድግ አለች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ዘንቢሉ ጥግ ላይ አንዲት ነገር ጣለች። ጥቁር፣ ድብልብል፣ ምስር የምታህል።

ጋሽ አጥናፉ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣትና ወደ ሰዉ ዘረጋት።

"ሆዷ ሄደ!" አለ።

ብርቄ እልልታዋን አቀለጠችው። ዳምጤ ጉተማን አቀፈው፣ ቱፋ ማጭዱን ወደ ሰማይ አነሳው። በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ደንግጣ ቆመች።

"ምን ተገኘ? ወንድ ነው ሴት? ማን ተወለደ?"

"ከዚያ ይበልጣል!" አለቻት ብርቄ። "ነይ፣ ጋሽ አጥናፉ መዳፍ ላይ አለልሽ!"

ተረቴ ቦዩ ዳር ሳር ላይ ተቀመጠ። የደከመው አብሮት ይቀመጥ፣ ያልደከመው ከፈረሱ ጀምሮ ይድገመው።