አህያ የመረጠችው አጥር

አንድ ጊዜ፣ ውርጭ ምንጩን እንኳ በረዶ በሚያደርገው ደጋ ላይ፣ አንዲት አህያ ከጌታዋ ጭነት አምልጣ ቋጥኝ ሥር ቤት ሠራች። ግንቦት ላይ ውርንጭላ ወለደች። ልጇን ከአያ ጅቦ ዓይን የሚሰውር ረጅም ሣር በቤቷ ዙሪያ ልትተክል አሰበችና ጎረቤቷን ጭላዳ ዝንጀሮን አማከረችው።

«ጓሳ ትከዪ» አላት። «ውርጭ አይጥለውም።»

አህያዋ ጥቂት ጓሳ ነጭታ አኘከችና ተፋችው። «ይሄ ሣር ነው ገመድ? ቁመቱስ ቢሆን ከጉልበቴ መች ያልፋል!»

«ለተኛ ውርንጭላ ይበቃል። ደግሞ ለመብል መች አልኩሽ፣ እመት አህያ?»

አህያ ግን ምን ጊዜም አህያ ናት፤ ሣር ሲባል የሚታያት ሆዷ ነው። ቀበሮ ይህን ሰምቶ ከቆላ የዝሆን ሣር ቆርጦ አመጣላት።

«እስቲ ቅመሽው።»

ቀመሰችው። ማር ማር አላት።

«በአንድ ክረምት ከጆሮሽ በላይ ይሄዳል» አላት።

«አንተ ሥጋ በል ነህ፤ ስለ ሣር ምን አገባህ?»

«የጎረቤት ልጅ ሲወፍር ማየት ደስ ይለኛል።»

ተከለችው። ክረምቱን ሙሉ ሣሩ ተመዘዘ፤ እሷም ጫፍ ጫፉን እየቀነጠበች ጠገበች። አያ ጅቦ በአጥሩ ሥር እየተመላለሰ «አህያ አህያ ይሸተኛል፣ አህያ ግን የለም። ለካ ሣርም እንዲህ ይሸታል!» እያለ ያልፍ ነበር። ቀበሮ ግን ኅዳርን ይጠብቅ ነበር።

ኅዳር ገባና ውርጩ ወረደ። ሲነጋ አጥሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። አህያዋ ውኃ ልትጠጣ ወርዳ ነበር። ውርንጭላው ብቻውን ገላጣው ላይ ቆሞ እናቱን ይጣራል። ቀበሮ ወደ ጅቡ ሮጠ።

«አያ ጅቦ፣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ላሳይህ። ለእኔ አንጀቱ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ መካፈል መች ያውቃል! አንጀቱንም ሰኮናውንም ጠርጎ በላ።

አህያዋ ስትመለስ ያገኘችው ደም የነካው አመዳይ ብቻ ነበር። ምስኪን እናት! እያለቀሰች ጓሳ ነቅላ መትከል ጀመረች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀበሮን ስታየው «ልጄን የገደልከው አንተ ነህ!» ብላ ጮኸችበት።

ቀበሮ ሆዱ ባዶ ስለነበር ተቆጥቶ መለሰ፦ «እኔ አመጣሁ እንጂ መች መረጥኩልሽ? አጥር ምረጪ ሲሉሽ ምሳሽን መረጥሽ።»

አህያዋ ጓሳውን መትከሏን ቀጠለች፤ የሚደበቅበት ልጅ ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅ ከለላ የሚሆነውን ለራስ አፍ በሚጥመው መምረጥ ልጅን በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት መሆኑን ነው።