ዶሮዎቹ ከውስጥ፣ ቀበሮዋ ከውጭ

ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ፤ እንደማትቆጩ ቃል እገባለሁ። ይህ ተረት ለልጅም ለአዋቂም የሚሆን ነው። በተለይ ዶሮውን ግቢ ውስጥ ለቆ የሚያረባ ሰው ሳይጨርሰው ባይነሣ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ይገባዋል።

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ዳር ባለ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ብዙ ዶሮዎችና አንድ አህያ አብረው ይኖሩ ነበር። ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ልባቸው ሲጭሩና ጥሬ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሲመሽ ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። ግቢው ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሯል። አህያው መሐል ግቢ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ይቆማል። ከአጥሩ ሥር አንዲት ጥፍር መሬት ስትቧጥጥ ከሰማ ያናፋል። እሱ ካናፋ ደግሞ ባለቤቶቹ ከእርሻቸው ዱላ ይዘው እየሮጡ ይመጣሉ።

ከወንዙ ማዶ የምትኖረው እመት ቀበሮ ግቢውን ስንት ጊዜ ዞራዋለች፣ ስንት ጊዜም ጦሟን ተመልሳለች። አንድ ቀን ከአያ ጅቦ ጋር ተቀምጣ መከረች።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አላት አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «እሾሁን በጥርሴ ቦጫጭቄ ልጣለዋ! ዶሮዎቹ ላንቺ፣ አህያው ለኔ።»

«እሾሁ አፍህን ሲቀደው አህያው ያናፋል። ሰዎቹ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ዱላውን ማን ሊበላ ነው?»

«የሚበላ ከሆነማ ለኔም ይድረሰኝ!»

ቀበሮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ። መንገዱን ዶሮዎቹ ራሳቸው ይከፍቱልናል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ዶሮ በውሃ አትታጠብም። ደቃቅ አፈር ጭራ ትተኛበትና ላባዋን ነስንሳ አቧራውን እስከ ቆዳዋ ታደርሰዋለች። ቅማሉ የሚታፈነው በዚያ ነው። ይህን ያጣች ዶሮ እከክ ይዟት ትከሳለች። ስለዚህ አቧራው ለዶሮ ጨዋታ አይደለም፤ ጤናዋ ነው። የዚያ ግቢ ዶሮዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታጠቡት መሐል ግቢ፣ አህያው አጠገብ ነበር። ቀበሮዋም ይህን ታውቃለች።

በማግሥቱ መጥታ ከአጥሩ ውጭ በሆዷ ተኛች።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታው!»

አውራው ዶሮ አንገቱን ቀጥ አደረገ። «ምን ፈለግሽ? አህያውን ልጥራው?»

«ኧረ ምንም! ደክሞኝ ጥላ ሥር ማረፌ ነው። አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። እርስዎን የመሰለ ባለ ግርማ፣ አህያ በሸናበት አፈር ይታጠብ?»

«ታዲያ የት ልታጠብ?»

«እዚሁ አጥሩ ሥር ነዋ! ጥላ አለው፣ አፈሩን ማንም አልረገጠው። ዝቅ ባሉ ቁጥር ደግሞ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ቢያዩት!»

ይህን ሁሉ ገብስማ ሰማች። ገብስማ ገና በቅርቡ የፈለፈለች ዶሮ ናት፤ ጫጩቶቿ ከእግሯ ሥር አይጠፉም።

«አውራው፣» አለችው፣ «ቀበሮ ለንጽሕናችን ማሰብ የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እሷ ከውጭ፣ እኛ ከውስጥ። እሾሁን አታይም እንዴ?»

«እሾሁንማ አያለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ከእሾሁ በታች ያለው ነው።»

«አይ አንቺ! ከፈለፈልሽ ወዲህ የራስሽ ጥላ እንኳ ያስደነብርሻል» አላት። ሌሎቹ ዶሮዎች ሳቁባት። ገብስማ ጫጩቶቿን ሰብስባ ወደ አህያው ተመለሰች።

የቀሩት አጥሩ ሥር ገብተው መጫር ጀመሩ። አህያው ድምፁን ሰማና አናፋ። ሰዎቹ ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ያገኙት ግን አቧራ የለበሱ ዶሮዎች ነበር። «ምን ሆነሃል አንተ?» ብለው አህያውን ተቆጥተው ሄዱ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዱላው በአህያው ጀርባ ላይ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ አህያው ከአጥሩ ሥር የመጫር ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ጣል አድርጎ «ዶሮዎች ናቸው» ማለት ለመደ።

እመት ቀበሮ የጠበቀችው ይህን ነበር። ዶሮዎቹ ከውስጥ ሲጭሩ እሷ ከውጭ ትጭራለች፤ እነሱ ሲያርፉ እሷም ታርፋለች። ጉድጓዱ ከውስጥ በየቀኑ ጠለቀ። ዶሮዎቹ እውነትም ወደ ታች እየቀዘቀዘ መሄዱን እያዩ ቀበሮዋን አመሰገኑ።

አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ የገብስማ ጫጩቶች ሙቀቱን መቋቋም አቃታቸው። እናታቸው ጥሬ ስትለቅም ሹልክ ብለው ወደ ጉድጓዱ ሮጡ። አውራው ዶሮ እዚያ ተኝቶ ነበር። ከሆዱ ሥር አፈሩ ወደ ታች ሲሸሽ ተሰማው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እርጥብ አፍንጫ አየ።

ክንፍ አለው። አጥሩ ላይ መብረር ይችላል። ከኋላው ግን ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ቆመዋል።

«ገብስማ!» ብሎ ጮኸ። «ልጆችሽን!»

ቀበሮዋ አፈሩን ንዳ ስትወጣ አውራው በጥፍሩም በምንቃሩም ፊቷ ላይ ተከመረ፤ እሷም አንገቱን ነከሰችው። ገብስማ እየጮኸች ደረሰችና ጫጩቶቿን እየገፋች ወደ መሐል ግቢ ነዳቻቸው።

«አያ አህያ፣ ዶሮ አይደለም! ዛሬስ ዶሮ አይደለም!»

አህያው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ዱላውን ረስቶ እያናፋ ሮጠ። ቀበሮዋ ሰኮናውን ስታይ አውራውን ከአፏ ጥላ ወደ ጉድጓዷ ዞረች። ጉድጓዱ ግን ተዘግቷል። አያ ጅቦ መጠበቅ ቢያቅተው ጭንቅላቱን በቀዳዳው አስገብቶ እዚያው ተቀርቅሯል።

«ወደ ኋላ በል!» አለችው።

«መጀመሪያ የኔን ድርሻ!»

«አንተ ጅል፣ መውጫዬን ዘጋህብኝ እኮ!»

«አህያው መጣልኝ እንዴ?»

መጣለት። የመጀመሪያው እርግጫ ቀበሮዋን አገኘ፤ ዳግም አልተነሣችም። ሁለተኛው የአያ ጅቦን ግንባር አገኘ። ጆሮውን እሾህ ላይ ጥሎ እየጮኸ ወደ ወንዙ ሸሸ።

ግቢው ጸጥ አለ። አውራው ዶሮ አቧራው ላይ ተዘርሯል፤ አንገቱ ደምቷል። ዶሮዎቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆሙ፤ ያን ቀን በገብስማ የሳቁት ራሳቸውን ደፉ። ገብስማ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጫጩቶቹስ?» አላት።

«ሁሉም አሉ።»

«አንዱም አልጎደለ?»

«አንዱም።»

«እንግዲያው ጉድጓዱን ድፈኑት» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ገብስማ አላለቀሰችም። ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ አፈሩን ወደ ኋላ ትጭር ጀመር። ሌሎቹም ተከተሏት፤ አህያው በሰኮናው ድንጋይ እየገፋ አመጣ። ሰዎቹ ሲደርሱ የሆነው ሁሉ ገባቸው። የቀረውን ጉድጓድ በድንጋይ ጠቅጥቀው ከላይ እሾህ ደረቡበት። ከዚያም አህያው አጠገብ ደቃቅ አፈር ከምድጃ አመድ ጋር ቀላቅለው ደፉላቸው፤ አመድ ቅማልን ከአፈር ይበልጥ ያጠፋዋልና።

ገብስማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሬ ከመልቀሟ በፊት በየጧቱ አጥሩን ከውስጥ እየተከተለች ትዞራለች። ጫጩቶቿም ከኋላዋ ይሰለፋሉ። አሁን እነሱም አድገዋል፤ አንዱ አውራ ሆኗል። አጥሩ ሥር ትንሽ ጭረት ባየ ቁጥር ይቆማል፣ አህያውን ይጠራል፣ እስኪደፈን ድረስም ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከውጭ የሚመጣ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ የሚያገኘው እኛው ከውስጥ ስንቆፍርለት መሆኑን ነውና፣ ዶሮ ያላችሁ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዛሬውኑ ተነሡ፣ የአጥራችሁን ሥር ጎንበስ እያላችሁ ዙሩት፣ ያገኛችሁትንም ጉድጓድ ሳታድሩ ድፈኑት።