በርኖስ የለበሰች በቅሎ

በቅሎና ጠመንጃ ያለው አንድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ዘውገ፣ የጠየቁኝን በዚህ ሰው ልመልስልዎት። ከልጄ ልቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መኪናዬን ቆልፌ ነው የሄድሁት። ሌባ መስተዋት ሰብሮ ሽጉጤን ቢወስድና ሰው ቢሞትበት የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ። ጥያቄ ነው፤ መልስ አለው። እስክጨርስ ግን አያቋርጡኝ።

ያ ሰው ባለጸጋ ነበረ። ጠመንጃው ምንሽር ነው፤ በዚያ አገር ያን የሚያህል ሌላ አልነበረም። ከገበያ ገበያ፣ ከሰርግ ሰርግ አንግቶት ይዞራል። ጠላት ኖሮበት አይደለም። ሰው እንዲያይለት ነው።

በአገሩ አንድ ደንብ ነበር። መሣሪያ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር መግባት ነውር ነው። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ አንድ ሸማኔ ይቀመጥና የመጣውን ጠመንጃ ሁሉ ይረከባል። ባለቤቱ ጥይቱን አውጥቶ ወደ ዝናሩ ይመልሳል፤ ባዶውን ብረት ለሸማኔው ይሰጣል። ቅዳሴ ሲያልቅ እያንዳንዱ የራሱን ተቀብሎ ይሄዳል። ይኸው ነው። ለመፈጸም ጉልበትም ዕውቀትም የማይጠይቅ ደንብ ነው።

በአንድ የንግሥ ቀን ባለጸጋው በበቅሎው መጣ። ሸማኔው ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ ጥይቱን ያውጡና ብረቱን ለእኔ ይተዉልኝ» አለው።

«ምንሽሬን ለቁጢት በጣሽ?» አለ ባለጸጋው። ሸማኔን ሲሰድቡ እንዲህ ይላሉ። «አንተ ድርህን ጠብቅ።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሸማኔውም አብሯቸው ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ሲስቅ ግን ዝም አላለም። ለሌላ ጊዜ ከቤት ትተውት ቢመጡስ አለው።

«ጠመንጃ ቤት የሚውለው ባለቤቱ ሲሞት ነው» አለ ባለጸጋው። እንደገና ሳቁ።

ይዞ መግባት ነውር ሆነበት፤ ማስረከብ ደግሞ ውርደት ሆነበት። ስለዚህ በቅሎዋን ከቅጽሩ ውጭ ከዋርካው ሥር አሰረ፤ ምንሽሩን ጥይት እንደጎረሰ ከኮርቻው ላይ አንጠለጠለ፤ በርኖሱን አውልቆ ከላይ አለበሰው። የእኔን በቅሎ የሚነካ እጅ በዚህ አገር የለም አለና ገባ። ስሙን ቁልፍ አደረገው።

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ ወገቡ አውርዷል። የእሱ በቅሎ ብቻ በርኖስ ለብሳ ቆማለች። ያላያት አልነበረም። ያያት ሁሉ ደግሞ ከሥሩ ምን እንዳለ አወቀ፤ በሐሩር የሚበርዳት በቅሎ የለችምና።

አንድ ሌባ በዚያ አለፈ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ሌባው የመጣው ለበርኖሱ ነበር። የሌሊቱ ብርድ ታስቦት ልብሱን ሊገፍ ጎተተው፤ ከሥሩ ምንሽሩ ወጣ። በርኖሱን ደርቦ፣ ምንሽሩን በርኖሱ ውስጥ ደብቆ ወደ ወንዙ ወረደ። በዕድሜው ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ከቄጠማው መሐል ቁጭ ብሎ ይነካካው ጀመር። ብረቱ የጎረሰውን ተፋ።

አንዲት የገበሬ ልጅ ውኃ ልትቀዳ እንስራዋን አዝላ ወርዳ ነበር።

አባቷ ከቅጽሩ ውስጥ ከንግሡ ላይ ነበር። ተኩሱን ሰማ። ለታቦቱ ክብር የተተኮሰ መሰለው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱም አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክልዎትም። እርስዎም አይጠይቁኝ።

ገበሬው ልጁን ቀብሮ ገና ከመደቡ ሳይነሣ፣ ባለጸጋው ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዶ አቤት አለ። የአገሩ ሹም ማለት ነው፤ የባለጸጋውም ወዳጅ ነው። ያቤቱታው ነገር ስለ ልጅቷ አልነበረም። ምንሽሬ ጠፍቶብኛልና አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ ነበር ያለው። አውጫጭኝ ሲቀመጥ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን በየተራው በመሐላ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ታማሚ አይቀር፣ ሐዘንተኛ አይቀር። ገበሬውንም ከልቅሶው አስነሥተው አመጡት።

ባለጸጋው ከጭቃ ሹሙ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የተበደለ እሱ ነውና። ሌላው ሜዳው ላይ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ በየተራው ማለና ተናገረ። ነገሩ አንድ ነበር። በቅሎዋን በርኖስ ለብሳ አየናት፤ ከሥሩ ጠመንጃ እንዳለ አወቅን፤ የወሰደውን ግን አላየንም። ሸማኔው ሲጠየቅ፣ «እኔ ያልተረከብሁት ነው» ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ባልቴት ደግሞ በቅሎዋን ሳያት አሳዘነችኝ፣ ታማ ጌታዋ ያለበሷት መስሎኝ ነበር አለች። በልቅሶም መሐል ሳቅ አይጠፋም።

የገበሬው ተራ ደረሰ። ተነሣ፤ ግን አልማለም። «አንድ ያልተጠየቀ ሰው አለ» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

እየተራመደ ወደ በርጩማው ሄደ። የራሱን የኩታ ጫፍ ያዘ፤ የባለጸጋውን የኩታ ጫፍ ያዘ፤ ሁለቱን ቋጠራቸው። በዚያ ዘመን ከሳሽ ከተከሳሹ ጋር እንዲህ ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ ነበር ወደ ዳኛ የሚሄደው። «በሕግ አምላክ» አለው። «ከእንግዲህ አብረን ነን።»

ባለጸጋው ሳቀ። «ሌባው ቢያመልጥህ የተሰረቀበትን ያዝህ?»

«ሌባውም ሲገኝ ይቋጠራል። ሦስት ሆነን እንሄዳለን።»

«እኔ ልጅህን አላየኋት። ወንዝ አልወረድሁ፣ ቃታ አልሳብሁ።»

«ጥይቱን ማን አጎረሰው?» አለ ገበሬው። «ሌባው ነው? ጠመንጃውን ማን አንጠለጠለው? በርኖሱን ማን አለበሰው? ይህ ሸማኔ እጁን ዘርግቶ ስጠኝ ሲልህ ማን ሰደበው? ሌባው የሠራውን ሌባው ይመልስ። እኔ የምጠይቅህ አንተ የሠራኸውን ነው።»

ባለጸጋው ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። ጭቃ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ሰውን ያናግራል፣ እስቲ ቋጠሮውን ፍቱት አለ። የሚፈታው ግን አልተነሣም።

በዚህ መሐል ቄጠማ ሊያጭድ ወርዶ የነበረ ሰው ምንሽሩን ይዞ መጣ። ሌባው ደንግጦ ጥሎት ነበር።

ባለጸጋው ዘሎ ተነሣ። እጁን ሲዘረጋ ኩታው ተሳበ፤ ገበሬው አብሮ ተሳበ። አንድ እርምጃ ተጓተቱ። ብረቱ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀረው። ያን ጊዜ ባለጸጋው ትከሻውን አሾለከና ኩታውን ከነቋጠሮው ለገበሬው ጥሎለት ሄደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእጀ ጠባቡ ቆሞ ምንሽሩን ተቀበለ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር መቀርቀሪያውን ስቦ ዝገት ነክቶት እንደሆነ ማየት ነበር።

ከዚያ በበቅሎው ተቀምጦ ሄደ። ገበሬው ባዶ ኩታ ይዞ ቀረ።

ጋሽ ዘውገ፣ ምሳሌው ይህ ነው። አሁን ወደ እርስዎ ልመልሰው።

በቅሎዋ መኪናዎ ናት። ሸማኔው ከሰፈራችን ያለው፣ ሰርግ የተጠሩበት ሆቴል በር ጠባቂ ነው። በዚያ ሰርግ ቀን «ጋሼ፣ መሣሪያ ካለ ጥይቱን አውጥተው ይስጡን፤ የሚቆለፍ ካዝና አለን» ብሎዎት ነበር። እርስዎ ደግሞ «ለዘበኛ ትጥቅ አልፈታም» አሉት። ይህን ከእሱ አፍ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሽጉጡን ጥይት እንደጎረሰ ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠው ኮትዎን ደረቡበት። ሌባው ለኮቱ ብሎ መስተዋቱን ሰበረ። ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ ቁጭ ብሎ ይነካካው ጀመር። ከቆርቆሮው ወዲህ ልጄ ቤዛዊት ገመድ ትዘል ነበር። እኛ ደግሞ የሰርጉ ርችት መሰለን።

መኪናዬን ቆልፌ ነበር ይላሉ። መስተዋት ድንጋይ እስኪያገኘው ነው። ቁልፍ በር ይይዛል፤ የጎረሰ ጥይት አይይዝም።

ሌባው ታስሯል። ይፈረድበት፤ እኔም በምስክርነት እቆማለሁ። የእሱን ድርሻ በእርስዎ ላይ አልጭንም። የእርስዎን ድርሻ ግን በእሱ ላይ ጭነው፣ ንፍሮዬን ቆርጥመው፣ «እግዜር ያጽናህ» ብለውኝ እንዲወጡ አልፈቅድም። ሽጉጡ ሲገኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው በመጀመሪያ የጠየቁት መቼ እንደሚመለስልዎ ነው አሉ። አልመለስ ሲልዎ ሌላ ሽጉጥ አወጡ አሉ። ሰው ብዙ ያወራል፤ ሁሉን አላምንም።

ነገር ግን ዓይን አለኝ። ወገብዎ ላይ የሽጉጥ አፎት ታጥቀዋል፤ ባዶ ነው። የልቅሶ ድንኳን መሣሪያ ይዞ መግባት ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ ለዚህስ ሰው አይወቅስዎትም። ኮትዎን ግን ወዴት ተዉት? ሁሉም ሰው ኮቱን ከጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የእርስዎ ኮት የት ነው?

መኪናዎ ከድንኳኑ ደጅ ቆማለች። ልጆቹ ጥላዋ ሥር ብይ ሲጫወቱ ይሰማሉ። የጎረቤቶቼ ልጆች ናቸው። የቤዛዊት ጓደኞች ናቸው።

የነጠላዎን ጫፍ ያቀብሉኝ። አይፍሩ፤ አልመታዎትም። ይኸው ቋጠርሁት። አሁን ይነሡና ቁልፉን ያውጡ፤ አብረን ወጥተን መኪናውን እንከፍታለን። ጥይቱን በእነዚህ ሰዎች ፊት ያወጣሉ፤ ብረቱን ለዕድሩ ዳኛ ያስረክባሉ።

ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ጋሽ ዘውገ። ነጠላውን ጥለውልኝ እንዳይሄዱ።