አራተኛው ውሃ

ዱሩ ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሡም አንበሳ ነበር። ይህን መናገር ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ንጉሡ ማን እንደሆነ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በአዋጅ ይለፈፍ ስለነበር፣ እኔም ከልማዱ ላለመውጣት ብዬ ነው።

ቤተ መንግሥቱ የነበረው ከኮረብታው አናት ላይ ነው። ከአጠገቡ ምንጭ ይፈልቃል፤ ውሃውም በጓሮው አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። በጓሮው ከንጉሡ ማዕድ የተረፈው ሁሉ ይጣላል፤ አጥንቱም፣ ቆዳውም፣ ፈርሱም። ውሃው ይህን ክምር መሃል ለመሃል ሰርስሮ ያልፍና፣ የንጉሡ አባት ባሠሩት የቀርከሃ ቦይ ወደየሰፈሩ ይደርሳል። ሣር በሎቹ የሚጠጡት ይህንኑ ነበር። መልኩ ቢጫ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ይሸታል። መሽተቱን የማያውቅ አልነበረም። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው። እየጠጡ ወደ ኮረብታው ቀና ማለት ንጉሡን እንደ መሰለል ይቆጠራል። ግልገል ሁሉ ጡት ሲጥል መጀመሪያ የሚማረው ዓይን መጨፈንን ነበር፤ ሣር መጋጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የውሃ ሹሙ ጅብ ነበር። ለዚህ ሹመት ያበቃው ሽታ የማያስቸግረው መሆኑ ነው። የቦዩ ውሃ የብዙዎችን ሆድ ሲያሳምም፣ ጅቡ መፍትሔ አላጣም። ጓሮውን ማጽዳት ከመፍትሔዎቹ አንዱ አልነበረም። ለጦጣ ፈቃድ ሰጣት፤ እሷም ቅርጫት ሙሉ አሸዋ አድርጋ የቦዩን ውሃ በላዩ እያፈሰሰች ማጥለል ጀመረች። ይህ የአሸዋ ውሃ ተባለ። ለቀበሮም ፈቃድ ሰጠው፤ እሱ ደግሞ ውሃ በቅል እየሞላ አፉን በሰም ያሽግ ጀመር። ይህኛው የቅል ውሃ ተባለ። የአሸዋ ውሃ የፈለገ ለጦጣ ግማሽ ቀን ያገለግላል፤ የቅል ውሃ የፈለገ ለቀበሮ ሁለት ቀን። ምንም የማይፈልግ ቦዩ አለለት፤ እሱም ቢሆን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል።

ሣር በሎቹ ተደሰቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርጫ ያላቸው እንስሳት ሆኑ፤ በማግስቱም በሦስት ተከፍለው መናናቅ ጀመሩ። የቦይ ጠጪው ራሱን ጠንካራ ይለዋል። «አባቶቻችን ይሄንን ጠጥተው አይደል እንዴ የኖሩት?» ይላል፤ አባቱ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል። የአሸዋ ጠጪው አዋቂ ነው፤ ስለ አሸዋ ደቃቅነትና ሻካራነት ሳያስረዳ አያሳልፍህም። የቅል ጠጪው ብዙ አይናገርም፤ ቅሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማለፍ ይበቃዋል። ከእነሱም አንዱ፣ ሙክት የሚሉት የሰባ በግ፣ ውሃው ካለቀ በኋላ እንኳ ባዶውን ቅል አያወልቅም ነበር። የሚያየው የሌለ ሲመስለው ከቦዩ ይሞላበታል ይባላል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ይሞላበታል። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በሦስቱ ወገኖች መካከል ጋብቻ እስከ መቅረት ደረሰ።

በዚሁ አገር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። የመጀመሪያ ግልገሏ የቦይ ውሃ ጠጥቶ ሞተ። ሁለተኛውን የአሸዋ ውሃ አጠጣችው፤ እሱም ሞተ። ሦስተኛው ሲመጣ ጡቷ ቶሎ ደረቀ። ስለዚህ ለቀበሮ ሁለት ቀን አገልግላ አንድ ቅል ተቀበለችና ሰሙን በገዛ ጥርሷ ነቅላ አጠጣችው። በማግስቱ ግልገሉን ያስቀምጠው ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተው።

ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት መጡ። የቦይ ጠጪዎቹ «አቅብጠሽው ነው፤ ሆዱን ሳታለማምጂው!» አሏት። የአሸዋ ጠጪዎቹ ሁለተኛው ልጅ የሞተው አሸዋው ሳይለወጥ ስላጠጣችው እንደሆነ አስረዷት። ሙክትም ቅሉን እያስተካከለ፣ «ሰሙን በደንብ አይተሽዋል? አሁን እኮ አስመስሎ የሚሠራ በዝቷል» አላት። አንዳቸውም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ውሃ ትንሽ ትንሽ ይዘውላት ነበር።

ሚዳቋዋ ለሸንጎ አመለከተች። ጅቡ በደስታ ተቀበለ፤ ሣር በል ሲሰበሰብለት ደስ የማይለው ቀን አልነበረም። በሾላው ጥላ ሥር ሁሉም ተሰበሰበ። ንጉሡ ከድንጋዩ ላይ ተጋደመ። ሦስቱም ውሃ በሦስት ገበቴ ቀረበ፤ የሸንጎውም ጉዳይ «ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?» የሚል እንደሆነ ተነገረ።

ጅቡ ተነሣ። «የተከበራችሁ ሣር በሎች! እኔ እናንተን የምወድ መሆኔን የማያውቅ የለም» አለ። «በጎረቤት ዱር ያሉት ወንድሞቻችሁ አንድ ውሃ ብቻ ነው ያላቸው። ሞት ሲመጣባቸው እንኳ በምን እንደመጣ አያማርጡም። እናንተ ግን ሦስት አላችሁ። ስለዚህ የታመመ ቢኖር ያሳመመው ምርጫው ነው፤ መንግሥት ለሰው ምርጫ ኃላፊነት አይወስድም።»

ጭብጨባ ሆነ። ጦጣ ተነሥታ ስለ አሸዋ ተናገረች። ቀበሮ ተነሥቶ ስለ ሰም ተናገረ። ስለ ውሃ የተናገረ አልነበረም።

ከዚያ ሚዳቋዋ ግልገሏን በጎኗ ደግፋ ወደ መሃል ወጣች።

«ጌቶቼ፣ የትኛው ይሻላል ብዬ አልመጣሁም። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ፤ ሁለት ቀብሬያለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ወግ የሚያጠጣ ሁሉ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። በሠርግም በሐዘንም እንዲህ ነው ያደግነው። እስቲ ዛሬም በወጋችን ይሁንልኝ። አያ ጅቦ ከቦዩ፣ እመት ጦጢት ከአሸዋው፣ አያ ቀበሮም ከቅሉ ይቅመሱልኝ። ከዚያ ልጄ ይጠጣል።»

ጅቡ ወደ ገበቴው ጎንበስ ብሎ አየ። የውሃ ሹም ከሆነ ጀምሮ ውሃውን እንዲህ በቅርብ ያየው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

«እንዴት ደስ ባለኝ፣ ልጄ!» አለ። «ምን ያደርጋል፣ ጾመኛ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። የቀበሮን ቅሎች የሚሸከመው አህያ ነበር።

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ።»

ጦጣም «እኔም ጾም ላይ ነኝ» አለች። ቀበሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እኔማ ሰንብቻለሁ፤ ጾምን ማውራት ነውር ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት» አለ። አሁን ሁሉም ወደ ድንጋዩ አየ። አንበሳው አፉን ከፍቶ አዛጋና፣ «የሕዝባችን ጤና እስኪመለስ እኛም ውሃ አንቀምስም» አለ።

በዚህ ጊዜ ሙክት አለቀሰ። «እንዲህ ያለ መንግሥት የት ይገኛል?» እያለ አለቀሰ። «እኛ እዚህ እያማረጥን ስንጠጣ እነሱ ስለ እኛ ይጠማሉ!» ብዙዎች አብረውት አለቀሱ። አንዲት ፍየል ወደ ሚዳቋዋ ዞራ፣ «ጾመኛን ቅመስ ይባላል? አታፍሪም?» አለቻት። ሸንጎውም በመጪው ዓመት ሌላ ሸንጎ እንዲደረግ ወስኖ በእልልታ ተበተነ። ብዙ ሸንጎ አይቻለሁ፤ የሚያቅለሸልሸኝ የዋሾቹ ውሸት አይደለም፣ ውሸቱን ተቀብሎ የሚያለቅሰው ነው።

ከሾላው ሥር የቀሩት ሚዳቋዋ፣ ግልገሉና አህያው ብቻ ነበሩ።

«ስሚኝ እቱ» አለ አህያው ዓይኗን ሳያይ። «ቅሉን የምሸከመው እኔ ነኝ። ቀበሮ የሚሞላው ከጦጣ ቅርጫት ሥር ነው። ሲቸኩል ደግሞ ከቦዩ ይሞላዋል። ሰሙ ግን እውነተኛ ሰም ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ለድካሜ ከአሥሩ አንዱን ቅል ይሰጠኛል። ባለ ቅል መባል ደስ ይለኝ ነበር።» ጀርባውንም ዝቅ አድርጎ፣ «ልጁን ጀርባዬ ላይ አውጪው» አላት።

ቦዩን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ጊዜው ቀትር ነበር፤ ጾመኞቹ ምሳቸውን በልተው የተኙበት ሰዓት። ዓይናቸውን ገልጠው ሄዱ። ከጓሮው ሲደርሱ ክምሩን አዩት። ከላይ ትኩስ አጥንት፣ ከሥር ያረጀ አጥንት፣ በመሃሉ እየተንኳለለ የሚወርድ ውሃ። ሚዳቋዋ አንዱን ትንሽ ቀንድ አይታ ፊቷን አዞረች።

ከክምሩ በላይ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄደው ምንጩን አገኙት። ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። አጥር አልነበረውም፤ ዘበኛም አልነበረውም፤ ማንም ቀና ብሎ የማያየውን ነገር ማን ይጠብቃል? ዙሪያውን በጭቃው ላይ ግን ዱካ ታትሞበታል፦ የአንበሳው፣ የጅቡ፣ የቀበሮው፣ የጦጣዋም። ሁሉም የዚያኑ ቀን ነበር።

ግልገሉን አወረዱት። እሱም እንደተማረው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፋ።

«ግለጥ» አለችው እናቱ። «ዓይንህን ግለጥና ጠጣ።»

ሦስት ቀን፣ በየቀትሩ፣ እንዲህ እየወጡ አጠጡት። በአራተኛው ቀን ግልገሉ ከአህያው ጀርባ ሳያወርዱት ራሱ ዘለለ። ሚዳቋዋ ያን ቀን አለቀሰች፤ ለሞቱት ለሁለቱ ያላለቀሰችውን ጭምር።

ወደ ሰፈር ወርዳም ተናገረች። «ሦስት ውሃ የለም» አለቻቸው። «አንድ ውሃ ነው፤ ላዩ ንጹሕ ነው፣ ታቹን ያቆሸሸው የጓሮው ክምር ነው። ክምሩን ለማንሣት አሥራ አምስት ትከሻ ቢገኝ ከጠዋት እስከ ቀትር ያልቃል። አህያና እኔ አለን፤ አሥራ ሦስት ስጡኝ።»

አንዱ፣ «የቦይ ነው የአሸዋ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም አይደለም። ውሃ ነው።»

«በምን ነው የታሸገው?» አለ ሙክት።

«አልታሸገም።»

«ታዲያ በምን ይታመናል?»

ሌላው ክምሩን ማንሣት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቀ። ሌላዋ ደግሞ ለጾመኞቹ አሳቢ ሆና፣ የቤተ መንግሥት ጓሮ መነካካት ጸሎታቸውን እንዳይረብሽ ፈራች። በጠቅላላው ጉዳዩን እንደሚያስቡበት ነገሯት። አሥራ ሦስት ትከሻ ቀርቶ አንድ አልመጣም። ወሬው ግን ሳይውል ሳያድር ቀበሮ ጆሮ ደረሰ፤ እሱ ብቻ ነበር ነገሩን ሰምቶ ያመናት።

በሳምንቱ በምንጩ ዙሪያ የእሾህ አጥር ቆመ፤ በበሩም ሁለት ተኩላዎች ተቀመጡ። አዋጅ ወጣ። መንግሥት ለሕዝቡ ጤና ካለው አሳብ የተነሣ አራተኛ ውሃ ተገኝቷል፤ ስሙ የላይኛው ውሃ ይባላል፤ አንዱ ቅል የአራት ቀን አገልግሎት ነው፤ ያለ ፈቃድ ወደ ምንጩ የሚቀርብ ይቀጣል። ክምሩን የነካው የለም። ክምሩ ቢነሣ የላይኛውን ማን ይፈልገዋል? አህያው ለአዲሱ ውሃ ተሸካሚ ሆኖ ተሾመ። ጭነቱ እጥፍ ሆነ፤ አንገቱ ላይም ቃጭል አሰሩለት፤ ወደ ሚዳቋዋ ቤት ዞር ብሎ እንዳይሄድ በቃጭሉ ድምፅ ይጠበቃል።

አዲሱ ቅል ያማረ ነበር። በሆዱ ላይ የሚዘል የሚዳቋ ግልገል ተሥሎበታል።

የወረፋው ጫፍ አይታይም ነበር፤ ከአራቱ ቀን አገልግሎት በላይ የሚያደክመው እሱ ነው። የቦይ ጠጪዎች፣ የአሸዋ ጠጪዎች፣ የቅል ጠጪዎች፣ ሁሉም ተሰልፈዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተዋል። ሚዳቋዋም አራት ቀን አገልግላ ልጇን ይዛ ከኋላ ቆመች። ሌላ ምን ታድርግ? ልጇ ይጠማል።

ከፊቷ ሙክት ነበር። ዞር ብሎ አያት፤ ወይ አልለያትም፣ ወይም ለይቷት ረስቷታል። በወዳጅነት ጠጋ አለና፦

«እቱ፣ ስለዚህ ውሃ ሰምተሻል?» አላት። «ልዩ ነው ይላሉ። ልጅ ካለሽ ሌላ እንዳታጠጪው፤ ይሄን ብቻ ነው። ሞኝ አትሁኚ፣ ጊዜው የእውቀት ነው።»

ወረፋው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ሚዳቋዋም ልጇን ገፋ አድርጋ አብራ ተራመደች።