የጄኔራሉ ባዶ ብልቃጥ

ጄኔራል ዳምጠው በናኖ ቴክኖሎጂ የተሠራ፣ ከአቧራ ያነሰ መሣሪያ ነበራቸው፤ አቧራ ማለቴም ስሕተት ነው፣ አቧራ ከእርሱ አጠገብ ተራራ ነው። በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ይበላል። አገራቸው መሣሪያውን ለማጥፋት ውል ስለ ፈረመች ተቆጣጣሪዎች መጡ። ጄኔራሉም ግብዣ አብልተው ሲያበቁ የታሸገ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሁሉንም አስወግደናል፤ ይህ የመጨረሻውም ባዶ ነው» አሉ።

ተቆጣጣሪዎቹ ቢያገላብጡት ምንም አልታያቸውም። ጄኔራሉ ጠጅ አሳላፊውን ጠሩ።

«አንተ፣ የድኻ ዓይን አይዋሽም። ምን ይታይሃል?»

አሳላፊው ተጨነቀ። ቤቱ ከጦር መጋዘኑ አጥር ሥር ነው። «አለ» ቢል ውሸታም ተብሎ ይታሰራል፤ «ባዶ ነው» ቢል እንግዶቹ ፈርመው ይሄዳሉ፣ ብልቃጡም ከልጆቹ ደጃፍ ይቀራል።

«ክቡር ጄኔራል፣ የሚታየኝ የለም» አለ።

«ሰማችሁ?» አሉ ጄኔራሉ።

«ነገር ግን እኔ ጠጅ ስቀዳ፣ እንግዳ እንዳይጠራጠር አስቀድሜ በመዳፌ አንጠብጥቤ እቀምሳለሁ። ዛሬ እንግዳ የጠሩት እርስዎ ነዎት፤ እባክዎ ክዳኑን ከፍተው አንድ ጊዜ ያሽትቱልን። እኔም ከአጠገብዎ አልሸሽም።»

ጄኔራሉ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ዛሬ እንኳ ጉንፋን ይዞኛል» አሉ።

ተቆጣጣሪዎቹም ሳይፈርሙ ቀስ ብለው ብዕራቸውን ከደኑ።