በጋህሮ ደጅ የሚሰቀለው ቅርጫት

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ እዚሁ እንደተቀመጥኩ ልሙት። ከዚህ በላይ መሐላ የለኝም፤ አድምጡ።

ድሮ ድሮ፣ ባሕሩ ራሱ ገና ጨውነቱን ሳይለምደው፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ጋህሮ የምትባል መንደር ነበረች። በጋህሮ ዘምዘም የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ባሕር በልቶባት ከሌላ አገር በእግሯ የመጣች ናት። መረብ ትጠግናለች። ጀልባ የላትም። የጋህሮ ሕግ ደግሞ ጀልባ የሌለው ከዓሣው ድርሻ የለውም፣ ድርሻ የሌለው በመንደሩ አይኖርም የሚል ነበር።

የጀልባዎቹ አለቃ ሁመዶ ጠራትና፣ «አንቺ ሴት፣ ባሕሩን የሚዘጋው ነፋስ ሳይገባ መንገድሽን ያዢ» አላት።

«ዓሣችሁን አልካፈላችሁም። ያንን ጭቃ ስጡኝ» አለች፣ ጨው ውኃና ጭቃ ውስጥ የቆመውን የማንግሮቭ ጫካ እያሳየች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ ብዛት ዓሣዎቹ ሳይቀሩ ወደ ጥልቁ ሸሹ። ሁመዶም፣ «ውሰጂው። ነፋሱ እስኪወጣ ጭቃው ካልመገበሽ ግን ትሄጃለሽ» አላት።

ዘምዘም ጭቃው ውስጥ ገባች። ጥፍር የሚያካክሉ የሸርጣን ግልገሎች ለቀመች። በእንጨት አጠረችላቸው። የዓሣ አንጀት መገበቻቸው። አደጉ። አደጉና እርስ በርሳቸው ተባሉ። አንድ ቀን ብትመጣ ጥቂት ወፋፍራሞች ብቻ ቀርተው አፋቸውን ይጠርጋሉ። ተቀምጣ አየቻቸው። ሸርጣን ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበዋል፤ ይጥለዋል። ሲጥለው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ወንድሙ ይበላዋል። ስለዚህ ከዘንባባ ቅጠል ቅርጫት ሠራች። ቅርፊቱን ሊጥል የደረሰውን ለብቻው አኖረችው፤ ሲጠነክር መለሰችው። ያን ሰሞን የጋህሮ ዘንባባ ሁሉ ራሰ በራ ሆኖ ነበር።

ነፋሱ ገባ። ማዕበሉ ተራራ አክሎ መጣና አጥሩን ጣሰ። ዘምዘም በተጣሰው ቦታ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ባሕሩ መታት፤ አልተነሳችም። ባሕሩ መታት፤ አልተነሳችም። ሸርጣኖቹ ሹሩባዋንና የቀሚሷን ጫፍ ነክሰው ያዟት። በመጨረሻ ባሕሩ አፈረና ተመለሰ። ሲመለስ የሁመዶን ጀልባ ይዞ ሄደ። ሌሎቹ ጀልባቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው ነበር፤ እሱ ግን «የኔን ባሕሩ ያውቃታል» ብሎ ውኃ ላይ ትቷት ነበር።

ነፋሱ አልወጣም አለ። መረቡ ደረቀ። ሕፃናት አለቀሱ። ዘምዘም ቅርጫቷን ተሸክማ ከቤት ቤት ዞረች። የአንዱ ሸርጣን ጀርባ ጋሻ ያክላል። አንዲት መቆንጠጫው ተቀቅላ የመንደሩን እኩሌታ አጠገበች፤ ቅርፊቷን ደግሞ የልጅ መተኛ አደረጓት።

ነፋሱ ሲወጣ ጀልባዎች ወደ ውኃው ወረዱ። ዘምዘምን ሂጂ የሚላት ጠፋ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ሁመዶ ዞረ።

«ሕጉ ያንተው ነው። ጀልባ የለህም፤ ድርሻ የለህም» አሉት።

«ጭቃም የለህም» አለው አንዱ።

ሁመዶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ያ ግዙፍ ሰው አንሶ አንሶ ከገዛ ጥላው በታች ሆነ።

ዘምዘም ባዶ ቅርጫት ይዛ መጣች። ከበሩ በላይ ሰቀለችው።

«ይህ ሰው ቅርፊቱን ጥሏል» አለች። «እስኪጠነክር አትንኩት።»

«ሊያባርርሽ የነበረው እኮ እሱ ነው» አሏት።

«ያኔ ጠንካራ ነበር» አለች።

ሰው አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ገባ። ለሁመዶም አዲስ ጀልባ እስኪሠራ ድርሻውን በደጁ አኖሩለት።

ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ በጋህሮ ሐዘን የደረሰበት፣ ከበሽታ ገና የሚያገግም፣ ያለው ሁሉ የጠፋበት ሰው ደጅ ላይ ባዶ ቅርጫት የሚሰቀለው። ቅርጫቱ ሳይወርድ ማንም አይወቅሰውም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ምግብ አኑረውለት ያልፋሉ። «ቅርፊቱ እስኪጠና» ይላሉ። ቅርጫቱን የሚያወርደው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ሁሉም እውነት ነው፤ ጋሻ የሚያክለው ሸርጣንም፣ ያፈረው ባሕርም። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ዘምዘም የሚለው ስም። ያኔ ስሟን የጠየቃት ሰው አልነበረም።