ጫማውን የሰደቡት ገዢዎች

አንድ ሰው ነበረ። ሻሸመኔ ላይ ሁለት የጫማ ሱቅ ነበረው። በአንዱ እሱ ይቀመጣል፣ በሌላው ሚስቱ። የሚሸጡት አገር ውስጥ የተሠራ የቆዳ ጫማ ነበር። ቤታቸው ሞልቶ ባይፈስም ጎድሎ አያውቅም።

ይህን ሰው አንድ ሐሳብ ያዘው። ድንበር ተሻግሬ ሱቅ ልክፈት አለ። ክፉ ሐሳብ ነው? አይደለም። ሰው እጁ ሲሰፋ አገር ማየት ያምረዋል። ችግሩ ሁለቱን ሱቆች ይዞ ሦስተኛ የሚከፍትበት አቅም አልነበረውም። አንዱ መሸጥ ነበረበት። የሚሸጠውም የሚስቱ ነበር፤ መንገድ ዳር ስለሆነ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሚስቱ ያንን ሱቅ የከፈተችው ከብዙ ዓመት ጉሊት በኋላ ነው። ጀርባዋን ፀሐይ እየጠበሳት ነው የጣሪያውን ቆርቆሮ ያገኘችው። ቢሆንም እሺ አለች። አንድ ነገር ግን ጠየቀች፦ «የምንሄድበትን አገር በዓይኔ ሳላይ ሱቄን አልሸጥም። የተሳሳተ ቦታ ከከፈትን የምመለስበት የለኝም፤ ደምሴ።»

ሰውየው ደምሰው ይባላል። አብረው ሄዱ።

ሁለት ከተማ መርጠው ነበር፤ ኪጋሊና ጁባ። በሁለቱም ከተማ ሱቅ ያለው ሐበሻ ያውቁ ነበር። በየከተማው አንድ ሳምንት ያህል በወዳጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ጫማቸውን ደርድረው፣ ሕዝቡ ምን እንደሚል ሊያዩ ነው። የምነግራችሁ እነሱ በዚያ ሳምንት፣ በዚያ በረንዳ ላይ ያዩትን ነው። በሕዝብ ላይ አልፈርድም። በሕዝብ ላይ የሚፈርድ ሌላ ነው።

ኪጋሊ ገቡ። መንገዱ የተጠረገ፣ ሰዉ ረጋ ያለ። አላፊው ሁሉ ቆም ይላል፤ ጫማውን ያያል፤ ፈገግ ይላል። «በጣም ያምራል» ይላል። «ከየት ነው? ከኢትዮጵያ? አይ፣ ድንቅ ነው» ይላል። አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ» ብላ ሄደች። ደምሰው በየቀኑ እየረዘመ የሚሄድ መሰለው። እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ የት ይገኛል?

ቀጥለው ጁባ ወረዱ። ሙቀቱ ሌላ፣ አቧራው ሌላ። ኪሮስ የሚባል የመቀሌ ልጅ ነው የተቀበላቸው፤ አረብኛውን የሚያስተረጉምላቸውም እሱ ነበር። ጫማውን ገና ደርድረው ሳይጨርሱ ላዶ የሚባል ሽማግሌ ሹፌር መጣ። ቁመቱ የበር ያህል፣ እግሩም እንደ ቁመቱ። ትልቁን ጫማ አነሣ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሶሉን አጠፈው። አሸተተው። ተረከዙን ከግድግዳው ጋር አንኳኳው። ከዚያ አንድ ነገር ሲናገር የቆመው ሁሉ ሳቀ።

«ምን አለ?» አለ ደምሰው።

«ልተርጉምልህ ወይስ ይቅርብህ?» አለ ኪሮስ።

«ተርጉምልኝ እንጂ!»

«ይሄ ጫማ ነው ወይስ ጀልባ ይላል። ወንዙን ልሻገርበት ነው ወይ ይላል።»

ከኋላው አንዲት ሴት የልጅ ጫማ ይዛ መጣች፤ የዋጋውን ሩብ ሰጠች። «ይሄ በሬ ከመታረዱ በፊት ታሞ ነበር ወይ?» አለች።

የደምሰው ፊት ጠቆረ። ሚስቱ ግን ቀበል አድርጋ «ኪሮስ፣ ንገራት። በሬውስ ደህና ነበር፤ የሰጠችንን ዋጋ ሲሰማ ነው የታመመው በላት» አለች። ሴትዮዋ ስትሰማ በሳቅ ተጎንብሳ መሬቱን መታች። ከዚያ እንደ አዲስ ክርክር ጀመሩ። ሳምንቱ በሙሉ እንዲህ አለፈ። ሰዉ ይመጣል፣ ይሰድባል፣ ይጎትታል፣ ይሄዳል፣ ከመንገድ ተመልሶ ይሰድባል። ላዶም በየቀኑ እየመጣ ያንኑ ጫማ ያነሣል፣ ያጣጥላል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ለመመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠው ሳለ ደምሰው በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «መንገዱ፣ ኪጋሊ። ሰላሙ፣ ኪጋሊ። ሕዝቡ፣ እሱማ አይወራም። እነዚያ አከበሩን፤ እነዚህ አዋረዱን። የኢትዮጵያ ጫማ ብለው ናቁን፤ አስኩ።»

«የጁባዎቹ ጫማውን ወደውታል» አለች ሚስቱ።

«ወደውታል? ጀልባ ነው ያለው እኮ!»

«ያልወደደው ሰው ጀልባ እስኪመስለው ድረስ አያገላብጠውም።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ነጋዴ አልነበረም እንዴ? ዕድሜውን በሙሉ ሻሸመኔ ላይ «ይሄ ካርቶን ነው»፣ «ይሄ የሙት ጫማ ነው» ሲባል የኖረ፣ በዚያም እየሳቀ የሸጠ ሰው አይደለም? ነው። አገሩ ላይ ስድቡ የገበያ ጨው እንደሆነ ያውቃል። ድንበር ሲሻገር ግን ጫማውን መሸጥ ትቶ ክብሩን መሸጥ ጀመረ። ጫማውን ሲነኩበት እሱን የነኩት፣ አገሩን የነኩት መሰለው።

እስቲ ደግሞ እኛ። «ተመልሼ እመጣለሁ» ብለን የወጣንበት ሱቅ ስንት ነው? በትሕትና ፈገግ ብለን፣ «ቆንጆ ነው፣ ገበያ ያቅናልህ» ብለን፣ ዳግም በዚያ በኩል ያላለፍንበት? እምቢ ማለት ስናፍር የምንለብሰው ልብስ ምስጋና አይደለም?

ደምሰው ኪጋሊን መረጠ። የሚስቱ ሱቅ ተሸጠ። ቁልፉን ለገዢው ስታስረክብ አላለቀሰችም፤ ደጁን ግን አንድ ጊዜ ጠረገችለት።

ኪጋሊ ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ከፈቱ። ሰዉ ይገባል። ሰላም ይላል። «ሱቃችሁ እንዴት ያምራል!» ይላል። ይወጣል። ወር ገባ፣ ወር ወጣ። ዋጋ የጠየቀ የለም። «ቀንሱ» ያለ የለም። ደምሰው በየማለዳው ጫማዎቹን በጨርቅ ይወለውላል። ማንም ሳይረግጥባቸው መደርደሪያው ላይ አረጁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መወልወያውን ከእጁ ተቀበለችው። «ደምሴ፣ እዚህ ከመጣን አንድ ሰው እንኳ ተጣልቶን ያውቃል?»

«አያውቅም። ተመስገን ነው።»

«እንግዲያው እንዝጋው።»

ሳያጉረመርም አልቀረም። ግን ዘጋው። የተረፈውን ጫማ ጭነው ጁባ ወረዱ፤ ኪሮስ ከሱቁ ጎን ጠባብ ቦታ ለቀቀላቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ላዶ ደረሰ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። በአረብኛ ጮኸ፤ ኪሮስ ሳቁን ለማፈን እየታገለ ተረጎመው፦ «እናንተ ሌቦች፣ ጫማዬን ይዛችሁ የት ጠፋችሁ?»

ጫማዬን አለ። ሳይገዛው። አያችሁ? ያን ሁሉ ሲያጣጥለው በልቡ ተጫምቶት ነበር። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ገዛው። በማግሥቱ ወንድሞቹን ይዞ መጣ፤ እነሱም እንዲሳደቡ። ሱቁ በዚያ በእግሩ ቆመ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ንግድ ላስተምራችሁ ፈልጌ አይደለም። ያቺ ሚስት እህቴ ናት። እትዬ አስካለ። ብዙዎቻችሁ ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የለቅሶ ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጣችኋል።

ጁባ ሳለች ታማ፣ ሕመሙ ጠንቶባት ስትመለስ ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ነበር። የሰብለ ሰርግ፣ የልጇ፣ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። እህቴ በዚህ ምድር የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ያንን ሰርግ ቆማ ማየት።

ስትጸልይ እሰማታለሁ። ከአልጋው አጠገብ ነኝና። እንዲህ ትል ነበር፦ «ጌታዬ፣ አምስት ዓመት ስጠኝ። በዛ? እሺ፣ አንድ ዓመት። እሱም በዛ? ሰርጉን ብቻ። ሰርጉን ብቻ አሳየኝ፤ ማግሥቱን እኔው እመጣልሃለሁ። ምነው ዝም አልክ? ይሄ ላንተ ምን ይከብድሃል?» አንዳንድ ቀን ትቆጣለች። «እናት አደረግኸኝ፤ ታዲያ ለምን ግማሽ እናት ታደርገኛለህ?» ትላለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጥቂት ቆይታ መልሳ ትጀምራለች።

አቶ ሽብሩ ሊጠይቋት መጥተው ሳለ ይህን ሰሙ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ደነገጡ። «አስካለ፣ ልጄ፣ ይሄ ማጉረምረም ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ ይወጣል እንዴ? ተመስገን በይና ዕረፊ» አሏት።

እህቴ ትራሷን አስተካከለች። ፈገግ ስትል ያ የጁባው ሳቋ ፊቷ ላይ መጣ።

«አቶ ሽብሩ፣ እርስዎ የኪጋሊ ደንበኛ ነዎት» አለቻቸው።

ግራ ገባቸው። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። የጀልባው ቀልድ ላይ ስትደርስ አቶ ሽብሩ ሳቁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «የማይገዛ ሰው አይከራከርም። እኔ ተመስገን ብዬ መውጣት አቅቶኝ መሰለዎት? እሱማ ቀላል ነው። በትሕትና ይወጣል። እኔ ግን የትም መሄድ አልፈልግም። እሱን ነው የምፈልገው፤ ስለዚህ እሟገተዋለሁ።»

አቶ ሽብሩ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉና «እንግዲያውስ እኔም ላግዝሽ» አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ስለ ሰርጉ ተሟገቱ። እኔ ሰምቻቸዋለሁ።

ሰርጉን አየችው? አላየችውም። ከሆሳዕና ሳምንት በፊት ሄደች።

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልችልም። እግዚአብሔር በጠየቀችው ዋጋ አልሰጣትም። ያ የእምነት አባት ስለ ከተማይቱ ከአምላኩ ጋር ሲከራከር ከሃምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ አሥር መውረዱን ታውቃላችሁ። አሥሩም አልተገኙም፤ ከተማይቱም ነደደች። ታዲያ ያ ሁሉ ክርክር ምን ጠቀመው? በከንቱ አፉን አደከመ? አይደለም። ምድር ስትቃጠል ሊያይ በማግሥቱ የወጣው ወደዚያው አምላኩ ፊት ቆሞበት ወደነበረው ስፍራ ነው። ሌላ ቦታ አልሄደም። እህቴም ሌላ ቦታ አልሄደችም። በመጨረሻ የሰማሁት ቃሏ ተመስገን አልነበረም፤ «እሺ፣ አንተው ታያታለህ» ነበር። ክርክሩን የዘጋችው እንደዚያ ነው፤ ልጇን ለእሱ አስረክባ።

ከዚያስ? ደምሰው። በድንኳኑ ሰሞን አይታችሁታል። «እንዴት ነህ?» ስትሉት፣ «ተመስገን» ይል ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ስትሉት፣ «አሜን፣ ተጽናንቻለሁ» ይል ነበር። ሁላችንም «እንዴት ያለ እምነት ነው!» አልን። እኔ ግን ፈራሁለት። ያ ሰው እየወጣ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ አመስግኖ፣ እየወጣ።

ሰብለን ከዳርናት በኋላ በነበረው እሑድ ጉባኤው ሲበተን እሱ ከወንበሩ አልተነሣም። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከደምሰው ሰምቼ አላውቅም። «ምን ነበረበት?» አለ። «ጥቂት ቀን ምን ነበረበት? ባዶ ወንበሯን አጠገቤ አድርጌ ነው ልጄን የዳርኩት! ምን ነበረበት?» ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ደፋ፤ ይጮኽ ነበር።

አንዱ ወንድም ሊያረጋጋው ሲሮጥ እጁን ያዝኩት። «ተወው» አልኩት። «ሰውዬው ዛሬ ገና ዋጋ ጠየቀ።»

እናንተስ? እናንተ ከየትኛው ናችሁ? በየሳምንቱ ትመጣላችሁ። መዝሙሩ ያምራል ትላላችሁ። ስብከቱ ጥሩ ነበር ትላላችሁ። ስትወጡ ትጨብጡኛላችሁ፤ ትባርኩኛላችሁ። መቼ ነው አንድ ነገር አንሥታችሁ ያገላበጣችሁት? መቼ ነው «ይሄ ለእኔ ከብዶኛል፣ ይሄ አልገባኝም» ያላችሁት? ልጁን የቀበረ እዚህ አለ። ባሏ ጥሏት የሄደ እዚህ አለች። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጎ ያጣ እዚህ አለ። ሁላችሁም ደህና ነን ብላችሁኛል። ሁላችሁም? እግዚአብሔር ምስጋናችሁን አይጠላም። ግን ተሸክማችሁት የመጣችሁትን ነገር ሳትነግሩት እንድትወጡ የሚፈልግ ይመስላችኋል?

ያዘነ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ሲቆጣ «አታማር» አትበሉት። አፉን አትዝጉበት። ወንበራችሁን አስጠጉ፤ አብራችሁት ተሟገቱ። ዝም ካለ፣ ተመስገን ብቻ ካለ፣ ያን ጊዜ ፍሩለት።

አሁን ጸሎት እናደርጋለን፤ ከዚያ ጉባኤው ይበተናል። ልጆች ያሏችሁ፣ ምሳ የሚጠብቃችሁ፣ በሰላም ሂዱ። ከእግዚአብሔር ጋር ያልጨረሳችሁት ጉዳይ ያላችሁ ግን አትውጡ። በተቀመጣችሁበት ቆዩ። ጮክ ብትሉም ማንም ዞር ብሎ አያይም። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ዛሬ የምቸኩልበት የለኝም።